ወፏ በራሷ ጊዜ ስትነሣ

ፔሊካን ከውሃ ላይ ለመነሣት ብዙ ይደክማል። ትልቁ ከ10 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ክንፉ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 3 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ያን የሚያህል ገላ አየር እንዲሸከመው መጀመሪያ መንደርደር አለበት። ሁለቱን እግሮቹን ባንድ ላይ እየገፋ፣ በክንፉ ጫፍ ውሃውን እየመታ ይዘላል፤ በየግፊቱ የሚረጨው ውሃ ከኋላው ክብ ክብ እየሠራ ይቀራል። ከዚያ ድንገት ድምፁ ይጠፋል። እግሮቹ ወደ ኋላ ይታጠፋሉ፣ ምንቃሩ ደረቱ ላይ ይሰበሰባል፣ ወፉ ከጣና ሐይቅ ውሃ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል።

ይህን ለማየት ከባሕር ዳር ከተማ መውጣት አያስፈልግም። ጠዋት ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸውን አራግፈው ቆሮሶውንና አምባዛውን ሲበልቱ አንጀቱን ወደ ውሃው ይወረውራሉ። ፔሊካኖቹ ሰዓቱን ስለሚያውቁ ቀድመው ተኮልኩለው ይጠብቃሉ፤ አባ ኮዳም ፈንጠር ብሎ ተራውን ይጠብቃል። የወፍ ፎቶ መማር ለሚፈልግ ሰው ከዚያ እንዲጀምር እመክራለሁ። ወፉ ትልቅ ነው፣ ቅርብ ነው፣ ከመነሣቱ በፊትም በቂ ጊዜ ይሰጣል። ነገር ግን እዚያ ያለው ፔሊካን ከሰው እጅ መብላት የለመደ ነው። የጣና ወፍ በራሱ ኑሮ ላይ ሳለ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ሰው ወደ ደንገሉ መግባት አለበት።

የሰው ዓይን የክንፍን እንቅስቃሴ ከፋፍሎ ማየት አይችልም። ፈረንሳዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ኤትየን ዡል ማሬ እ.ኤ.አ. በ1882 ጠብመንጃ የሚመስል ካሜራ ሠራ፤ ቃታው ሲሳብ በሰከንድ 12 ምስል ያነሣ ነበር። በዚያው ዓመት ገደማ የአንድ ፔሊካንን በረራ ደረጃ በደረጃ በአንድ የመስታወት ሳህን ላይ አስቀረው። ክንፉ ሲወርድና ሲነሣ የሚይዘው ቅርጽ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ ይታያል። ዛሬ በእጃችን ያለው ካሜራ በሰከንድ 20 እና ከዚያም በላይ ያነሣል፤ ማሬ የጠየቀው ጥያቄ ግን እንዳለ ነው። ወፍ እንዴት ነው የምትነሣው? ይህን ሳያውቅ ቁልፉን የሚጫን ሰው የሚያገኘው ብዙ ጅራትና ብዙ ባዶ ሰማይ ነው።

ከባሕር ዳር በስተ ምዕራብ የእንፍራንዝ ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበት ረግረግ አለ። ወፍ ወዳዶችም ተመራማሪዎችም ያውቁታል፤ ሽመልስ አይናለምና አፈወርቅ በቀለ የእንፍራንዝንና የይጋንዳን ወፎች ዓይነትና ስርጭት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2008 አሳትመዋል። እኔ የሄድኩት በጥር ነው። ጥር ጥሩ ወር ነው፤ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ውሃው ከመስከረም ሙላቱ ቀስ እያለ ሸሽቶ ጭቃውን ይገልጠዋል፣ ከአውሮፓና ከእስያ ክረምቱን ሸሽተው የመጡት ወፎችም ገና አልተመለሱም።

ታንኳው የደንገል ነበር፣ ነገደ ወይጦዎች ከጥንት ጀምረው የሚሠሩት ዓይነት። ደንገሉ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በራሱ ልጥ ተጠፍሮ ይታሰራል፤ ውሃ እየጠጣ ሲሄድ ይከብድና በሌላ ይተካል። ለፎቶ አንሺ ከዚህ የተሻለ መቀመጫ አላውቅም። ሞተር የለውም፣ ቀለሙ የረግረጉ ቀለም ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዝቅ ያለ ነው። ሌንሱ ከውሃው ገጽ ብዙም ከፍ አይልም፤ ከጀልባ ማቆሚያ ወይም ከትልቅ ጀልባ ላይ ቢሆን ወፏን ቁልቁል እያየን ጀርባዋን ብቻ እናነሣ ነበር። ከዝቅታ ሲታይ ግን ወፏና ሰው ዓይን ለዓይን ይገጥማሉ፤ ከኋላዋ ያለው ደንገልም ርቆ ይለሰልሳል።

ቀዛፊው ሽማግሌ ናቸው። ከፊት ለፊታችን ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ አንዲት ነጭ ሳቢሳ ቆማ ነበር። ካሜራዬን ወደ ዓይኔ ሳስጠጋ በእጃቸው አረጋጉኝ።

«ገና ነው ልጄ። አሁን እየበላች ነው።»

ቆየን። ሳቢሳዋ አንድ ጊዜ ወጋች፤ አንዲት ትንሽ ዓሣ ምንቃሯ ላይ ብልጭ ብላ ጠፋች። ቀጥሎ አንገቷን ቀና አድርጋ ቀጥ ብላ ቆመች። ዞረች። ኩሷን ጣለች።

«አሁን» አሉ።

ጎንበስ አለች፤ ጉልበቷ ታጠፈ፤ አንገቷን ወደ ፊት ወርውራ ተነሣች። የመጀመሪያው የክንፍ ምት ውሃውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ሦስት አራት ጊዜ ከመታች በኋላ አንገቷን አጥፋ ወደ ትከሻዋ ሰበሰበች።

«በምን አወቁ ጋሼ?»

«መብላቷን ተወች፤ ወደ ንፋሱ ዞረች። ወፍ ጀርባዋን ለንፋስ ሰጥታ አትነሣም።»

ሽማግሌው በሁለት ዓረፍተ ነገር የነገሩኝ የበረራ ፎቶ ዋና ትምህርት ነው። ወፍ ስትነሣም ስታርፍም ፊቷን ወደ ንፋሱ ትሰጣለች፤ ፊት ለፊት የሚመጣው አየር ክንፏ ሥር ገብቶ ያነሣታል፣ ስታርፍም ፍጥነቷን ይገታላታል። ስለዚህ ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ ያወቀ ሰው ወፏ ወዴት እንደምትመጣ ያውቃል። ጣና ደግሞ የራሱ ንፋስ አለው። ሌሊት የብሱ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ አየሩ ከየብስ ወደ ሐይቁ ይነፍሳል፤ ቀን የብሱ ሲሞቅ ይገለበጥና ከሐይቁ ወደ የብስ ይመጣል። በባሕር ዳር በኩል ባለው ደቡባዊ ዳርቻ ላይ የቆመ ሰው ይህን ቢያስተውል ይጠቀማል። በማለዳው ቀጭን ንፋስ ወፎቹ ሲነሡ ፊታቸውን ወደ የብስ፣ ማለት ወደ እሱ ይሰጣሉ። ከሰዓት በኋላ ፊታቸው ወደ ሐይቁ ስለሚሆን የሚያየው ጭራቸውን ነው፤ ያን ጊዜ ታንኳ ይዞ ወደ ውሃው በኩል መዞር ይሻላል።

ብርሃኑም ጊዜ አይሰጥም። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፤ ለምድር ወገብም ቅርብ ነው። ፀሐይ በጥር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አልፎ ብቅ ትልና ዘንበል ሳትል ቀጥ ብላ ትወጣለች። ለስላሳው ወርቃማ ብርሃን ብዙም አይቆይም፤ 3 ሰዓት ላይ ጥላው ይጠነክራል፣ ከውሃው የሚነሣው ሙቀት ሩቁን ምስል ያርገበግበዋል። ያን ጊዜ ካሜራን ወደ ላይ ማንሣት ነው። ፔሊካኖችና ሽመላዎች የሚሞቀውን አየር ተጠቅመው ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ እየዞሩ ይወጣሉ፤ እስኪጠፉ ድረስ።

ስለ ካሜራው ብዙ ማለት አልፈልግም፤ ሁለት ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። አንደኛው ፍጥነት ነው። ሳቢሳ ክንፏን የምትመታው ቀስ ብላ ስለሆነ የሻተር ፍጥነቱ የሰከንድ አንድ ሺኛ ቢሆን ላባዋ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ለዳክዬና ለትንንሾቹ የጭቃ ወፎች የሁለት ሺኛና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የነጭ ነገር ጣጣ ነው። የሳቢሳ ፎቶ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ካሜራው ከኋላ ያለውን ጥቁር ደንገል ያይና ቦታው ጨለማ ነው ብሎ ብርሃን ይጨምራል፤ ወፏም ላባ አልባ ነጭ ወረቀት ሆና ትቀራለች። ብርሃኑን ሆን ብሎ መቀነስ ያስፈልጋል። ደንገሉ ቢጠቁር ምንም አይደል፤ በክንፏ ላይ ያለው እያንዳንዱ ላባ ከቀጣዩ ተለይቶ መታየት አለበት።

በሩቅ የሚበርን ወፍ ለመለየት አንገቱን ማየት ይረዳል። ሳቢሳና ዘመዶቿ በበረራ ላይ አንገታቸውን ያጥፋሉ። አብዛኞቹ ሽመላዎች፣ ክሬን የሚባለው ወፍና አይቢስ ግን ወደ ፊት ዘርግተው ይበራሉ። ፔሊካን እንደ ሳቢሳ ይሰበስባል።

አይቢስን ካነሣሁ ቆም ልበል፤ ለዚህ ሐይቅ የተለየ ታሪክ አለውና። ገላው ነጭ፣ ራሱና አንገቱ ላባ የሌለበት ጥቁር፣ ምንቃሩ እንደ ማጭድ የታጠፈ ወፍ ነው። ክንፉን ሲዘረጋ በነጩ ጠርዝ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ይታያል። የጥንት ግብፆች ያመልኩት፣ በሚሊዮን የሚቆጠረውንም አድርቀው በመቃብር ያኖሩት ወፍ ነው። በዘመናት ውስጥ አውሮፓውያን ያ ወፍ የትኛው እንደነበር ተምታቶባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በአገራችን ያየውን ወፍ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ገልጾ፣ የግብፆቹ አይቢስ ይኸው ነው አለ። ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኩቪየ ከግብፅ የመጡትን ደረቅ ሬሳዎች አጥንት ለአጥንት አመሳክሮ ብሩስ ትክክል መሆኑን አረጋገጠ። ሳይንሳዊ ስሙም ኢትዮጵያን ይዟል። ግብፅ ውስጥ ይህ ወፍ ከጠፋ ቆይቷል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ባሕር ዳር ግን ዛሬም የከተማው ሰው ቀና ብሎ ሳያየው በላዩ ያልፋል።

ወፍን አባሮ ፎቶ ማንሣት የተለመደ ነገር ሆኗል። ድንጋይ ይወረወራል፣ ይጨበጨባል፣ ጀልባው በሞተር ወደ መንጋው ይነዳል፤ መንጋው ግልብጥ ብሎ ሲነሣ ካሜራው ይንጣጣል። ሥዕሉ ለጊዜው ያምራል። ቀረብ ብለን ስናየው ግን ወፎቹ ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተውናል፤ እየሸሹን ነውና። በራሷ ጊዜ የምትነሣ ወፍ ብዙ ጊዜ በአጠገባችን ታልፋለች፣ ዓይኗም ይታያል። ይህ የፎቶው ነገር ነው። የወፏ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ከሩቅ አገር የመጣች ወፍ እዚህ የምትከርመው በልታ፣ ስብ አጠራቅማ፣ የመመለሻ ስንቋን ለመያዝ ነው። ያለ ምክንያት ስትባረር ስንቋን ታቃጥላለች፣ የምትበላበት ሰዓትም ይባክናል። ስትመገብ የነበረች ወፍ መብላቷን ትታ ቀና ብላ ካየችን ቀርበናታል ማለት ነው፤ እዚያው ቆሞ መጠበቅ ወይም ወደ ኋላ መመለስ ይገባል። ድሮንም በረግረግ ላይ ማስነሣት አይገባም፤ ወፎቹ እንደ አዳኝ ንስር ነው የሚያዩት።

ምን ያህል ርቀው እንደሚመጡ ክሬኖች ይመሰክራሉ። ከጣና በስተ ምሥራቅ በፎገራ ሜዳ፣ በርብና በጉማራ ወንዞች መካከል፣ ሼሸርና ወላላ የሚባሉ ረግረጎች አሉ። በበጋ ግራጫዎቹ ክሬኖች እዚያ ይከርማሉ፤ ቀን በአዝመራው ማሳ የወደቀውን እህል ይለቅማሉ፣ ማታ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ከሰሜን አውሮፓ የሚነሡ ክሬኖች እስከ ኢትዮጵያ እንደሚመጡ በሳተላይት መሣሪያ ክትትል ታውቋል፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። ከእነሱ ጋር አገሬዎቹ፣ ባለ ወርቃማ ዘውዱ ጥቁር ክሬንና ከአገጩ ሥር ሁለት ጉትቻ የተንጠለጠለለት ትልቁ ክሬን ይታያሉ። ሁለቱም በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተጋለጡት ወፎች ውስጥ ተመዝግበዋል።

ለክሬን ማደሪያ ውሃ ያስፈልጋል፣ ውሃው ደግሞ ይፈለጋል። ፎገራ የአገራችን የሩዝ ምድር ሆኗል፤ ገበሬው በመስኖ ሽንኩርትና አትክልትም ያመርታል። በበጋ የሼሸርና የወላላ ውሃ በሞተር እየተሳበ ለማሳ ውሏል፤ የሸሸው ውሃ የተወውም መሬት ታርሷል። ገበሬውን በዚህ መውቀስ አይቻለኝም፤ ልጆቹን የሚያበላው ከዚያ ነው። ግን ወቀሳው የእሱ ስላልሆነ ጉዳቱ ይቀራል ማለት አይደለም። ረግረጉ ጎርፉን ተቀብሎ ደለሉን የሚያጣራ፣ ዓሣ ገብቶ የሚራባበት ቦታ ነው፤ ሲደርቅ የሚጎዳውም መጀመሪያ ያው የዳርቻው ሰው ነው።

በደቡቡም በኩል ታሪኩ ቅርብ ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1996 ውሃውን የሚቆጣጠር ግድብ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሐይቁ በጣም ከመሸሹ የተነሣ ጀልባዎች ለወራት መንቀሳቀስ አቃታቸው፤ ውሃው በተወው መሬት ላይ እርሻ ገባ፣ የደንገሉም ዳርቻ በብዙ ቦታ ሳሳ። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2011 በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ እምቦጭ የተባለው አረም ታየ። እምቦጭ ውሃውን እንደ ምንጣፍ ሸፍኖ ብርሃን ይከለክላል፤ ሳቢሳ ቆማ የምታድንበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ከሥሩ ይቀበራል። በባሕር ዳር ዙሪያ ደግሞ ግንባታው፣ የጫት ማሳውና ግጦሹ ወደ ደንገሉ እየገፉ ነው። ከተማዋ የምትጠጣው ውሃ ከእንፍራንዝ አካባቢ ከሚፈልቁ ምንጮችም መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ የወፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ጣናን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ስፍራው በአጥር የተከለለ ፓርክ አይደለም፤ ሰው የሚኖርበት፣ የሚያርስበትና የሚያሰግርበት ነው። በጥብቅ የሚጠበቅ እምብርት፣ በዙሪያው መከላከያ ቀጠና፣ ከዚያም ሰው የሚሠራበት ሰፊ ቀጠና አለው። ፎቶ አንሺ ወደዚያ ሲገባ የሰው ደጅ እየረገጠ ነው። ደንገል አጫጁን ሰላም ብሎ ማለፍ፣ ታንኳና ቀዛፊ በደህና ዋጋ መከራየት፣ ጉማሬ የት እንደሚተኛ ለሚያውቀው ለአካባቢው ሰው መታዘዝ ግድ ነው። በተለይ በዓባይ መውጫ በኩል ያለ አካባቢው ሰው ደንገል ውስጥ መግባት የሕይወት አደጋ አለው።

እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ከውጭ የሚመጣው ወፍ ተመልካች አንሷል። በዚህም ቀዛፊው፣ አስጎብኚው፣ የሆቴል ሠራተኛው ተጎድተዋል። የጣናን ወፎች መዝግቦ የማቆየቱ ሥራም ከቀድሞው ይልቅ በአገሩ ልጆች እጅ ላይ ወድቋል። ባሕር ዳር ውስጥ ካሜራ የያዙ ወጣቶች ሞልተዋል፤ ሠርግና ምረቃ እያነሡ የሚተዳደሩ፣ ሌንሳቸውም እጃቸውም የማያንስ። ከእነሱ ጥቂቱ እንኳ በሳምንት አንድ ማለዳ ወደ ዳርቻው ቢወርድ ምን ያህል ነገር እንደሚተርፈን ሳስብ ልቤ ይነሣሣል።

ምክንያቱም የበረራ ፎቶ ይቆጠራል። በያመቱ በጥር ወር በዓለም ዙሪያ የውሃ ወፎች ቆጠራ ይካሄዳል፤ ከተጀመረ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ኢትዮጵያም ትሳተፍበታለች። ቆጣሪው በዓይኑ አይቶ በፍጥነት ይገምታል፤ በሰማይ ላይ ተጠላልፎ የሚሄድ መንጋ ግን ግምትን ያስታል። ያው መንጋ በፎቶ ከተያዘ ቤት ተገብቶ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የትኛው ጎልማሳ፣ የትኛው ወጣት እንደሆነ ከላባው ይለያል። እግሩ ላይ ቀለበት ካለው ቀለሙ ይታያል፤ ከየት አገር እንደመጣም ሊታወቅ ይችላል።

ለዚህ ደግሞ ማንንም ማባረር አያስፈልግም። አይቢሶችና ሳቢሳዎች ማታ ከመዋያቸው ወደ ማደሪያቸው ሲሄዱ በየቀኑ በተመሳሳይ መስመር ነው የሚያልፉት፤ ጥቂት ምሽቶች አስተውሎ መስመሩን ማወቅ ይቻላል። ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ፀሐይን በጀርባ አድርጎ ከመስመሩ ጎን መቆም ነው። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሆነው ይመጣሉ፣ ቀጥሎ ረድፍ ሠርተው። እያንዳንዱን ረድፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወፍ በአንድ ምስል ውስጥ ማስገባት፣ ቤት ሲገባም በፎቶው ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የሚበሩበትን አቅጣጫ መጻፍ። በሚቀጥለው ጥር ሌላ ሰው እዚያው ቦታ ቆሞ ያነሣውን ከዚያ ጋር ያስተያያል፤ ይህ የሚሆነው ግን የመጀመሪያው ሰው ጽፎ ካስቀመጠ ነው።